ሳሎኔ ውስጥ የተዘጋብኝ ሐሙስ

ይህን ታሪክ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ ልጄም የምታውቀው በዓይኗ ያየችውን ያህል ነው። ቤቷን አሳምራ እንግዳ የምትጠብቅ ሴት ባየሁ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። ዛሬ ግን ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ስሜ ሙሉ ነው። የምኖረው ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሰፈር ሰው እኔን ካነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው ሳሎኔን ነበር። "ሙሉ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? መሬቱ ላይ ፊትሽ ይታይሻል" ይባላል። እውነትም ይታያል፤ ነጭ ሴራሚክ ነው። ዳንቴል የለበሰ ክሬም ሶፋ፣ በሁለት ድርብ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ሃያ አራት ብርጭቆ በየመጠኑ የተደረደረበት ቡፌ ነበረኝ። እኛ የቤቱ ሰዎች ግን የምንበላው ወጥ ቤት፣ የምንገባ የምንወጣውም በጓሮ በር ነበር። ወደ ግቢ የሚወጣውን የሳሎን በር ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፌ የምከፍተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ልጄ ሕይወት ትንሽ ሳለች ሳሎን ገብታ ካገኘኋት እቆጣት ነበር። ካደገች በኋላ መግባቱን ራሷ ተወችው።

ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ያደግኩት ስምንት ሰው በሚኖርበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ታምሜ ከትምህርት ቤት ብቀር መምህሬ ሊጠይቁኝ መጡ። እናቴ የምታስቀምጥበት አጣች። አልጋው ላይ እኔ ነኝ፣ መሬቱ ላይ ታናናሾቼ ናቸው፣ ያለችን አንዲት ዱካ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። መምህሬ ጃንጥላቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ጠየቁኝ፣ ቆመው ሄዱ። እናቴ ያን ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሳድግ ቤቴ የመጣ ሰው አይቆምም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ባለቤቴን ግርማን ሳገባ የገባሁት እናቱ ቤት ነው። እማማ አስካለ ባላቸው ግርማ ሕፃን ሳለ ትተዋቸው ስለሞቱ፣ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ እያወረዱ አንድ ልጃቸውንና የእህታቸውን ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ግቢውም ቤቱም የእሳቸው ነው። እኛ እጃችን ትንሽ ሲረዝም ፊት ለፊት ያለውን የእሳቸውን የጭቃ ክፍል አፍርሰን በቦታው ሳሎኑን ሠራን። ስንነግራቸው "ጥሩ ነው፣ ሰው ሲመጣ የሚቀመጥበት ይኑራችሁ" ብለው መረቁን። እሳቸውም "ለጊዜው" ተብሎ ከሳሎኑ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። የዚያች ክፍል መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግንብ ነው። ቆይቶ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ቀሩ። ሐኪሙ በምርኩዝ ይለማመዱ ብሎ ነበር፤ የሚያለማምዳቸው ሰው ግን አልተገኘም። ያ ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ምግባቸውን አላጓደልኩም። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ። ክፉ ምራት ነሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም ራሴን እንደዚያ አላይም ነበር።

ሐሙስ ነበር ቀኑ። እሑድ የሕይወትን እጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ሕይወት ሥራዋ መድኃኒት ቤት ስለሆነ ጠዋት ወጥታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምትመለሰው። እኔ ለእሑድ ሁሉንም ነገር በወረቀት ጽፌ ይዤያለሁ። ወረቀቱ ላይ ከመጋረጃው አጠባና ከሶፋው ቀጥሎ "እማማ" የሚል ነበረበት። እሑድን እህቴ የሚላት የአክስቱ ልጅ ጋ ይዋሉ ብዬ ለግርማ በስልክ ነግሬው፣ እሱም "እንግዲህ አስቢበት" ብሎኝ ነበር። እሺ እንዳለኝ ቆጠርኩት።

በዚያው ዕለት ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌ የቀብር ቀን ስለነበር እድርተኛው በሙሉ ወጥቷል። እኔ ግን ሥራዬ በልጦብኝ ማታ ለቅሶ እደርሳለሁ ብዬ ቀረሁ። ለእማማ ቁርስ አጥሚት ጥጄ ሳለሁ መብራት ሄደ። ይመለሳል ብዬ ድስቱን የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ እንዳለ፣ ማብሪያውንም ሳላጠፋ ትቼ፣ ባልዲና መወልወያዬን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ነፋስ እንዳይዘጋው ወደ ጓዳና ወጥ ቤት የሚያስገባውን በር በወንበር ደግፌው ነበር። መስኮቱንም ለአየር ከፍቼዋለሁ። ወንበሩን ከሥሩ ልወለውል ብድግ ሳደርገው ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በመስኮቱ ገባና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። አልደነገጥኩም። ወልውዬ ስጨርስ ልወጣ እጀታውን ስጫነው እጄ ላይ ቀረ። ተሰብሯል። ዘንጉም ወደ ውጭ ተንሸራቶ በእኔ በኩል የቀረው ትንሽ ጣት እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ነው። ከውጭ ያለው እጀታ ደህና ነው፤ አንድ ሰው ከዚያ በኩል ቢጫነው ይከፈታል። ግን ማን?

ወደ ግቢ የሚወጣው በር ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል። መስኮቶቹ ብረት አላቸው፤ ሌባ እንዳይገባ ራሴ ነኝ ያሠራኋቸው። ስልኬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

መጀመሪያ በመስኮቱ ተጣራሁ። የጎረቤቶቼን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። ሁሉም ቀብር ሄደዋል፤ ከሩቅ የሚሰማኝ የለቀስተኛው ድምፅ ነው፣ እሱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የእማማ አልጋ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ስለሆነ ሲያስሉ እንኳ ይሰማል።

"እማማ" ብዬ ጠራሁ።

መልስ የለም። ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። አሁንም የለም። ተኝተው ይሆናል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁና በድጋሚ ጮኽኩ። ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ወዲያው በልብስ እንደታፈነ ዓይነት ቆመ። ከዚያ ዝም።

በቡፌው ውስጥ ካለው ቢላዋ አንዱን አውጥቼ በበሩና በመቃኑ መካከል አስገባሁ። ቢላዋው ጎበጠ። ሹካ ሞከርኩ፣ ማንኪያ ሞከርኩ። የቡናውን ጠረጴዛ አንስቼ በሩን ብመታው ይሰበር ነበር ይሆናል። አነሳሁትም። ግን በሩ አዲስ ነው፣ ቫርኒሹ ከተቀባ ሳምንት አልሞላውም፣ እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጠረጴዛውን መልሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፤ ዳንቴሉንም አስተካከልኩ። ተዘግቶብኝ እያለ ዳንቴል አስተካከልኩ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ስልኬ ወጥ ቤት ጮኸ። ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። ግርማ መሆን አለበት። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እስኪያቆም አዳመጥኩት።

አምስት ሰዓት ሲሆን ውኃ ጠማኝ። ሃያ አራት ብርጭቆ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ጉንጭ ውኃ አልነበረም፤ ያለኝ የባልዲው የሳሙና ውኃ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ደግሞ ሽንት ወጠረኝ። ወዲህ ወዲያ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ መጋረጃዎቹን ዘግቼ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላየኝም፤ ግን ፊቴ ሲነድ ይሰማኛል። ባልዲውን በሩ ጥግ አስቀምጬ በፎጣ ከደንኩት። ሽታው ግን ቀስ እያለ ክፍሉን ሞላው። እማማን ለእሑድ እህቱ ቤት ልሰድ የፈለግኩት በዚሁ ሽታ የተነሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደክሞኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለእማማ ግድግዳ ሰጥቼ። ቤቱ ጸጥ ሲል ሹክሹክታ ሰማሁ። እማማ ይጸልያሉ። ደህና ናቸው፣ ነቅተዋል። ተስፈንጥሬ "እማማ!" ስል ጸሎቱ ወዲያው ተቋረጠ። ትንፋሽ እንኳ የለም። ዝም ስል ደግሞ ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ነው የገባኝ።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የግርማ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተጋብዘው ይህንኑ ሳሎን ሞልተውት ሳለ እማማ ከጓዳ ተጣሩ። "ሙሉ፣ ልጄ፣ ረጠብኩ እኮ" አሉ። ግድግዳው ምንም አይደብቅም። እንግዶቹ በሙሉ ሳህናቸውን አዩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሸኝቻቸው ስመለስ ወደ እማማ ገባሁ። አልጮኽኩባቸውም። ልብሳቸውን እየቀየርኩ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እማማ፣ ከሳሎን በኩል ድምፅ ከሰሙ እንግዳ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ እባክዎ ምንም ድምፅ አያሰሙ፣ ቢያስልዎትም በልብስ ይያዙት" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና "እሺ ልጄ" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ባለበት አንድም ቀን ተጣርተው አያውቁም። እኔም ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ ረሳሁት።

እሳቸው አልረሱም። ድምፅ ከሳሎን ይመጣል፤ ስለዚህ እንግዳ አለ፤ ስለዚህ ዝም።

አፌን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ፣ "እማማ፣ ሙሉ ነኝ። እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ፤ በሩ ተዘግቶብኝ ነው" አልኩ።

ዝም አሉ።

"እማማ፣ በእመቤታችን፣ ይመልሱልኝ። ማንም የለም።"

ብዙ ቆይቶ ድምፃቸው መጣ፣ በጣም ዝቅ ያለ።

"እንግዶቹ ሄዱ?"

"አልመጡም እማማ። ከጠዋት ጀምሮ እርስዎን ነው የምጣራው።"

"ስሜን ስትጠሪ ሰምቻለሁ" አሉ። "ለእንግዶቹ ስለ እኔ የምትነግሪያቸው መስሎኝ ነው።"

ቁርስ እንዳልበሉ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ስጠይቃቸው ምንም አይደል፣ አልራበኝም አሉ። እሳቸው ይልቅ የጨነቃቸው እኔ ነበርኩ፤ ውኃ አለሽ ወይ፣ በርዶሻል ወይ ይሉኛል። ሕይወት አሥራ አንድ ሰዓት እስክትመጣ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ እንደሌለን ነገርኳቸው። መነሳት እንደማይችሉ ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር እሱን አላነሳነውም።

እንዲሁ በግድግዳው ማዶና ማዶ ሆነን አወራን። በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ቀን ተቀምጬ ሰምቻቸው አላውቅም። እንግዶቼን ሁሉ በድምፅ እንደሚያውቋቸው ነገሩኝ። በአፍንጫዋ የምትስቀዋ ማን እንደሆነች፣ ሲቀመጥ "ኦፍ" የሚለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ እኔም ስማቸውን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ዱሮ የእሳቸው እንግዶች ነበሩ። አንዲቷ በመጣች ቁጥር "እማማ እንዴት ናቸው?" እንደምትል፣ እኔም "ተኝተዋል" ብዬ እንደምመልስ ነገሩኝ። ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ።

"እኔ ግን ቀን ቀን አልተኛም" አሉ።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፍሪጁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። መብራት መጣ። ደስ ሊለኝ ሲል ምድጃው ትዝ አለኝ።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ የአጥሚቱ መፍላት ሸተተኝ፤ ከዚያ ማረሩ። ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ላይ ያጠብኳቸውን የሶፋ ልብሶች ሰቅያለሁ፣ አጠገቡ የፕላስቲክ መሶብ አለ። በበሩ ሥር ቀጭን ጭስ ገባ። አሁን ጠረጴዛውን አነሳሁና በሩን መታሁት፣ ደጋግሜ መታሁት። ቫርኒሹ ተላጠ፣ የጠረጴዛው እግር ተሰበረ፣ በሩ ግን አልነቃነቅ አለ። ጠንካራ እንጨት ይሁን ብዬ መርጬ ያሠራሁት በር ነው።

እማማም ሸቷቸዋል። "ምን እየነደደ ነው?" አሉ።

"ምድጃው ነው እማማ። አይነሱ፣ ሰው እጣራለሁ" ብዬ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። እሳት እያልኩ ጮኽኩ። ለቀስተኛው ገና ከቀብር አልተመለሰም፤ የሚመልስልኝ ውሻ ብቻ ነበር። ስመለስ ከግድግዳው ማዶ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ማቃሰት።

"እማማ!"

"ወረድኩ" አሉ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ወገቤ ነው እንጂ ክንዴ ደህና ነው።"

ከአልጋቸው እስከ ወጥ ቤቱ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ያን መንገድ በክርናቸው እየተሳቡ ሄዱት። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልብሳቸው ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት፣ ሲቆሙ፣ ሲተነፍሱ፣ እንደገና ሲንሸራተት። እኔ በበሩ ሥር ተኝቼ "ቀስ ይበሉ" እላለሁ፤ ሌላ የምሠራው የለኝም። በመጀመሪያው ሰዓት ጠርቼ መልስ ባገኝ ኖሮ ረጋ ብለው ሊመጡ ይችሉ ነበር። አሁን ግን በጭስ ውስጥ ነው የሚመጡት።

ወጥ ቤት ሲደርሱ ማሳል ጀመሩ። ያን ምድጃ ነክተውት አያውቁም። የት ጋ እንደሚጠፋ አያውቁም፣ ቢያውቁም አይደርሱበትም።

"እማማ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነጭ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። እሱን ይዘው ይጎትቱት። እሱን ብቻ።"

ማሳላቸው በረታ። ከዚያ ቆመ። ገመዱን አግኝተውት ይሁን ወይ እዚያው ቀርተው የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያች ጊዜ የተዘጋብኝ ነገር የለም፤ በሩን ማለቴ አይደለም። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" እያልኩ አልቅሼ ነበር፤ ይሰሙኝ አይሰሙኝ አላውቅም።

"ነቀልኩት" የሚል ድምፅ መጣ።

ጭሱ እየሳሳ ሄደ። እሳቸው ግን እዚያ አላረፉም። እየተሳቡ ወደ ሳሎኑ በር መጡና በሌላኛው ወገን ትንፋሻቸው ተሰማኝ። እጀታውን ወደ ታች መጫን ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ተቀምጠው እጃቸው አልደረሰም። በኋላ እንደነገሩኝ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እጀታው ላይ ወረወሩት። ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው። በሦስተኛው ተንጠለጠለ፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉበት።

በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

እማማ መሬት ላይ ናቸው። ክርናቸው ተልጧል፣ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሯል። ተደፍቼ አቀፍኳቸው፤ እንደ ወፍ ቀለዋል። እሳቸው ግን በትከሻዬ በላይ ወደ ክፍሉ ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ነበርና መስኮቱ በሙሉ በርቷል። ሳሎኑ ተሠርቶ ካለቀ ጀምሮ ገብተውበት አያውቁም ነበር፤ ማንም ይግቡ ብሏቸው አያውቅም።

"እዚህ ፀሐይ ይገባል እንዴ?" አሉ።

አንስቼ ክሬሙ ሶፋ ላይ ላስቀምጣቸው ስል እጄን ያዙኝ። "ተይ ልጄ፣ ይበላሽብሻል።" አስቀመጥኳቸው። ያን ጊዜ ጥግ ያለውን ባልዲ አዩት። አይተውም እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ፣ እንዳላፍር። እኔ ለእሳቸው እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ሕይወት ስትመጣ ያገኘችን እንደዚያው ነው፤ እማማ ሶፋው ላይ፣ እኔ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ክርናቸውን ዳግመኛ ሳጥብ። ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገርኳትና "ነይ አልጋውን ያዢልኝ" አልኳት። ረጅሙን ሶፋ ወደ ጓዳ አስገብተን የእማማን አልጋ መስኮቱ ሥር አደረግን። ሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ "እሑድስ?" አለችኝ። "እሑድም" አልኳት። ቅዳሜ ግርማ ሲገባ እናቱን ሳሎን አይቶ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ግቢው ወጥቶ ቧንቧው ጋ ፊቱን ለረጅም ጊዜ ሲታጠብ ቆየ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ቤቱን አጽድቼዋለሁ፣ እማማን አጥቤ ነጭ አልብሻቸዋለሁ፤ ያም ሆኖ የተላጠው በር እዚያው ነው፣ ትንሽ የጭስ ሽታም አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ ዙሪያውን ሲያዩ ዓይናቸው እማማ ላይ አረፈ። ከግርማ ዞር ብለው በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። "እናቴ፣ በዕድሜ የቤቱ ትልቅ እርስዎ ነዎትና ጥያቄያችን ለእርስዎ ነው" አሉ።

እማማ ጸጉራቸውን ወደ ሻሻቸው አስገቡ። "እኔ ተነስቼ አልቀበላችሁም፣ እናንተም አትቀመጡም። እንዲህ ሆነን እንዴት ልንነጋገር ነው?" አሉ። ሽማግሌው ሳቁና ተቀመጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። እንደዚያ ቀን ሰው ቤቴ ውስጥ ተዝናንቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ልጅቷንም የሰጡት እማማ ናቸው፤ መጀመሪያ "እሷን ጠይቃችኋታል ወይ?" ብለው።

ሁሉም ነገር አማረ እንዳልላችሁ። ዘመዶቼ ውስጥ "ሳሎን ላይ በሽተኛ" ብላ መምጣት የተወች አለች። አንዳንድ ቀን እንግዳ ተቀምጦ እማማን መቀየር ግድ ይሆንብኛል፤ "አንዴ ውጭ ቆዩልኝ" እላለሁ፣ ወጥተው ይቆያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለው ምላሴ ተሳስሮ ነበር። አሁንም መሬቱን እወለውላለሁ፣ ዳንቴሉንም አጥባለሁ። ንጹሕ ቤት እወዳለሁ፤ መምህሬ በር ላይ የቆሙበትን ቀንም አልረሳሁም። ግን እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ስትሯሯጡ ከዓይን የምታርቁት ነገር ዕቃ ከሆነ አርቁት። ሰው ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡና ያን ሰው ሄዳችሁ አዳምጡት። ምን እንዳላችሁት እናንተ ረስታችሁት ይሆናል።

እማማ ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ኖሩ። ምርኩዝ ይዘው እስከ ግቢው በር መሄድ ለምደው ነበር፤ እኔ ነኝ ያለማመድኳቸው። ያረፉት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሴቶች መጥተው እያጫወቷቸው ነው። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ፤ የመጣው ሰው ሁሉ እማማ ያሉትን፣ የቀለዱትን ያነሳል። ከዚያ ሐሙስ በፊት ሞተው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሰው "እንዴ፣ እስካሁን ነበሩ?" ይለኝ ነበር።